የፋኖስ ብርጭቆ በወሎ ቦረና ደጋ

የፋኖስ ብርጭቆ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ነበልባሉን ከነፋስ መከለል ነው፤ ይህን ማንም ያስተውለዋል። ሁለተኛው አየር መሳብ ነው። በብርጭቆው ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ሲቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ከታች በማቃጠያው ቀዳዳዎች እየገባ ቦታውን ይተካል። ከክሩ ጫፍ የሚተነው ላምባ የሚነደው በዚህ ከታች በሚሳበው አየር ነው። አየሩ ሲበቃ ነበልባሉ ነጣ ብሎ ቀጥ ይላል፤ ሲያንስ ይቀላል፣ ይረዝማል፣ ይጨሳል። ስለዚህ ብርጭቆውና ማቃጠያው የሚገናኙበት ጠባብ ቀለበት የመብራቱ ሁሉ ወሳኝ ቦታ ነው። ብርጭቆው ላልቶ ከተቀመጠ ይንገዳገዳል፣ በግርጌውም የባከነ አየር ያስገባል፤ ከልክ በላይ ተጨምቆ ከተያዘ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

መካነ ሰላም ከደሴ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው የቦረና ደጋ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,600 ሜትር ግድም ከፍታ የምትገኝ ከተማ ናት። በቀድሞው የወሎ ጠቅላይ ግዛት አከፋፈል የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በዙሪያዋ ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ወግዲና ከላላ አሉ፤ አገሩ ሁሉ በገደልና በወንዝ የተቆራረጠ፣ ነፋሱ የማያርፍ፣ ሌሊቱ የሚቆረጥም ነው። እዚህ አገር ጥሩ መብራት ለማግኘት ላምባ መግዛት ብቻውን አይበቃም ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣ ቀጭን ብርጭቆ ሳይሰበር ቤት መድረስ አለበት፤ ከደረሰም በኋላ በማቃጠያው ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የደጋው ሰው አብዛኛውን የላምባ ዘመን ብርጭቆ በሌለው ኩራዝ ያሳለፈበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ላምባ ከመምጣቱ በፊት የቤቱ መብራት ምድጃው ነበር። እራት የሚቀርበው፣ ጥጥ የሚፈተለው፣ ተረት የሚነገረው በእሳቱ ዙሪያ ሲሆን፣ በሌሊት ወደ በረት ወይም ወደ ጎረቤት ለመሄድ ከደረቅ ጭራሮ የታሰረ ችቦ ይለኮሳል። ከዚህ ከፍ ያለው መብራት ጧፍ ነው፤ የተፈተለ የጥጥ ክር በቀለጠ ሰም እየተነከረ ይሠራል። ሰሙ ከንብ ስለሚገኝ ዋጋው ውድ ነበር፤ ተራው ቤት ለዘወትር ምሽት አያቃጥለውም። ከፍተኛው የጧፍ ተጠቃሚ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ጥንት ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው ይህ አገር ደግሞ ታላላቅ አድባራት የቆሙበት ነው። በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያምና በዐፄ በእደ ማርያም ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1468–1478) ከፍ ያለ ክብር ያገኘችው አትሮንሰ ማርያም ስማቸው በታሪክ መጻሕፍት ተደጋግሞ ይነሣል። በእነዚህ አድባራት ዙሪያ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ንባቡን በቀን ብርሃን ይጨርሳል፤ ሌሊቱን ለቃል ትምህርት ያውለዋል። መምህሩ በቃል ይሰጣል፣ ተማሪው በቃል ይቀበላል፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልግም። የመብራት እጦት ትምህርቱን በጆሮ እንዲደራጅ አደረገው ማለት ይበዛ ይሆናል፤ ሁለቱ ግን ተስማምተው መኖራቸው ጥርጥር የለውም።

ነበልባልን በብርጭቆ የመክበብ ሐሳብ የመጣው ከላምባ በፊት ነው። አሚ አርጋንድ የተባለ የጄኔቫ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1780 አካባቢ ክሩ እንደ ቱቦ የተጠቀለለ፣ አየር በውስጡም በውጭውም የሚያልፍበት የዘይት መብራት ሠራ፤ በ1784 በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት አገኘበት። መጀመሪያ ከነበልባሉ በላይ የብረት ቱቦ ነበር የተቀመጠው፤ ወዲያው ግን በብርጭቆ ተተካና ነበልባሉን ከግርጌው ጀምሮ የሚያቅፍ ሆነ። የብርሃኑ ጭማሪ በዘመኑ የነበሩ ሰዎችን አስደነቀ። ሆኖም የአርጋንድ መብራት ወፍራም የአትክልት ወይም የዓሣ ነባሪ ዘይት ስለሚያቃጥል ዕቃው ውስብስብ፣ ዋጋውም የሀብታም ነበር።

መንገዱን የከፈተው ላምባ ነው። በካናዳ አብርሃም ጌስነር እ.ኤ.አ. በ1846 ከድንጋይ ከሰል ያወጣውን የመብራት ዘይት ለሕዝብ አሳየ፤ በ1853 በልቮቭ ከተማ ኢግናትሲ ሉካሲዬቪች የተባለ የፖላንድ መድኃኒት ቀማሚ ከድፍድፍ ነዳጅ ባጣራው ላምባ የከተማው ሆስፒታል መብራት በራ፤ በ1859 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ዘይቱ በብዛት ሊገኝ ቻለ። ላምባ ቀጭን ስለሆነ በክር ላይ ራሱ እየተሳበ ይወጣል፤ መትከያው ቀላል፣ ዋጋው ረከስ ያለ ነው። ነገር ግን ካርቦን ይበዛበታል። በቂ አየር ካላገኘ ከዘይት ይልቅ ይጨሳል። ላምባ ብርጭቆን የግድ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብርጭቆውን በማቃጠያው ላይ የማሰር ጥያቄም በሺህ የሚቆጠሩ የፈጠራ መብቶች የተመዘገቡበት የኢንዱስትሪ ጥያቄ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የላምባ ማቃጠያዎች ብርጭቆውን በብሎን ይይዙት ነበር። የብርጭቆው ግርጌ ወደ ውጭ የተቀለበሰ ከንፈር አለው፤ ከንፈሩ በናስ ቀለበት ውስጥ ይገባና ከጎን አንዲት ትንሽ ብሎን ተጠምዝዛ ታጠብቀዋለች። ብርጭቆው አይወድቅም፤ ይሰነጠቃል እንጂ። ብሎኗ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ትጫናለች፣ ያም ነጥብ ሙቀቱ ሲመጣ የስንጥቁ መነሻ ይሆናል። ተራ ብርጭቆ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሆኖ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምር፣ ስፋቱ በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ናስ ለተመሳሳይ ሙቀት ከብርጭቆ በእጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው ልክ ይሰበሰባል። ማታ በሙቀት ላልቶ የነበረ የናስ ቀለበት መብራቱ ሲጠፋ ተኮማትሮ ብርጭቆውን ያንቀዋል። ብዙ ብርጭቆ እየበራ ሳለ ምንም ሳይሆን ከጠፋ በኋላ ሰው ሳይነካው ቀጭ ብሎ የሚሰነጠቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

መልሱ ጥርስ ሆኖ ተገኘ። ቀለበቱ ከስስ የናስ ሉህ ይቆረጥና ዙሪያውን አራት ወይም ከዚያ በላይ ወደ ላይ የቆሙ ጥርሶች ይወጡለታል፤ ጥርሶቹ በትንሹ ወደ ውስጥ ይጎብጣሉ። ብርጭቆው ከላይ ወደ ታች ሲገፋ ጥርሶቹ ከፈት ይላሉ፣ ከገባ በኋላ ከየአቅጣጫው እኩል ደገፍ አድርገው ይይዙታል። ሲለጠጥ አብረው ይለጠጣሉ፣ ሲኮማተር አብረው ይመለሳሉ። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ሁሉ የተሸጠው ተራ የጠረጴዛ ፋኖስ ይህን አሠራር ይዟል፤ ዛሬም በእጅ የሚገኝ አሮጌ ፋኖስ ቢታይ ጥርሶቹ አሉ። የጥርሱ ድክመት ናሱ መድከሙ ነው። በየቀኑ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ጥርሱ ስፕሪንግነቱን ያጣል። ያን ጊዜ ባለቤቱ በጣቱ ወይም በጉጠት ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል፤ አንዱን ከሌላው አብልጦ ካጎበጠው ብርጭቆው ያዘነብላል፣ ነበልባሉም በአንድ ጎን ብርጭቆውን ይልሰዋል። የተላሰው ጎን መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል።

ሌሎች መፍትሔዎችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1865 ግድም በበርሊን ቪልድ ኡንድ ቬሰል የተባለው ድርጅት ያወጣው ኮስሞስ ማቃጠያ ጠፍጣፋውን ክር ወደ ክብ የሚያዞር ሲሆን፣ ብርጭቆው ከነበልባሉ በላይ ወገቡ ጠበብ ያለ ነው። ወገቡ አየሩን ወደ ነበልባሉ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ብርጭቆው በመያዣው ውስጥ በምን ያህል ጥልቀት መቀመጡ ብርሃኑን ይወስናል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል እንኳ ይጨሳል። በዚያው ዘመን በበርሚንግሃም የተሠራው የሂንክስ ባለሁለት ክር ማቃጠያ ደግሞ ብርጭቆውን የያዘው ክፍል ትንሽ ዞር ተደርጎ የሚቆለፍ ነበር። በጀርመን የየና ከተማ ኦቶ ሾት ቦሮን የገባበት፣ በሙቀት እጅግ ጥቂት የሚለጠጥ ብርጭቆ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አወጣ፤ ለመብራት ብርጭቆ ተመራጭ ሆነ። በርካሹ ፋኖስ ላይ የሚመጣው ግን ያው ተራው ብርጭቆ ነበር።

ለደጋው ኑሮ የተስማማው የሚንጠለጠለው ፋኖስ ነው። መሠረቱን የጣለው አሜሪካዊው ጆን አርዊን ሲሆን ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ የተመዘገቡ ናቸው፤ በኒው ዮርክ የዲትስ፣ በኋላም በጀርመን የፎየርሃንድ ፋብሪካ በብዙ ሚሊዮን አመረቱት። በዚህ ፋኖስ ላይ ብርጭቆው በጥርስ አይያዝም። ከታች ቀዳዳ ባለው የቆርቆሮ ሳህን ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ ስፕሪንግ ያለው ክዳን ይጫነዋል፣ ዙሪያውን የተጠላለፈ ሽቦ ያቅፈዋል። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ቱቦዎች አየር ከላይ ወደ ማቃጠያው ያወርዳሉ፤ እጀታው ከላይ ይሰቀላል። ክሩን ለመለኮስ ብርጭቆውን ማውጣት አያስፈልግም፤ በጎን ያለው ዘንግ ሲጫን ብርጭቆው ከነሽቦው ከፍ ይላል፣ ክብሪቱ ከሥሩ ይገባል። ሰው ይዞት ሲሮጥ፣ በቅሎ ላይ ሲነቃነቅ፣ በነፋስ ሲወዛወዝ ብርጭቆው ከላይም ከታችም ተይዟል። ስፕሪንጉ መለጠጡንም ይቀበላል። ለገደላማ አገር ከዚህ የተሻለ አያያዝ አልተገኘም ማለት ይቻላል።

ላምባ ወደ ኢትዮጵያ የገባበት ዋናው በር መጀመሪያ ጅቡቲ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ዘይቱም ብርጭቆውም ወደ መሐል አገር ቀለለላቸው። ላምባው በዓለም ገበያ ሁሉ እንደሚደረገው በአራት ማዕዘን ቆርቆሮ ይሸጥ ነበር፤ አንዱ ቆርቆሮ 19 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ሁለቱ በአንድ የእንጨት ሣጥን ይታሸጋሉ። አንዱ ሣጥን 35 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ግራና ቀኝ ሲጫን ለአንድ በቅሎ በቂ ጭነት ነው። ቆርቆሮው ባዶ ሲሆን አልተጣለም፤ ውኃ ተቀዳበት፣ እህል ተሰፈረበት፣ ተቆርጦ ኩራዝ ሆነ።

ለወሎ ትልቁ ለውጥ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተሠራው የአሰብ፣ የኮምቦልቻና የደሴ የመኪና መንገድ ነው። ደሴ በቀጥታ ከቀይ ባሕር ዕቃ የምታገኝ ከተማ ሆነች። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997 ይሠራ የነበረው የአሰብ ማጣሪያም ላምባን እዚያው አመረተ። ነገር ግን ደሴ ከደረሰው ዕቃ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው በአቀስታ በኩል ያለውን ደጋ ማቋረጥ ነበረበት፤ መኪና በማይገባበት ዘመንና በክረምት ጭቃ ሥራው የአጋሰስ ነው። ላምባ በዚህ መንገድ ሲሄድ ቢበዛ ጥቂት ይፈስሳል። ብርጭቆ ግን በጭድና በወረቀት ተጠቅልሎም ቢሆን አንድ መሰናከል ይበቃዋል። ዋጋው ላይ መንገዱም ስብራቱም ይታከላል። አንድ ቤት ፋኖስ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ ብርጭቆ ግን ደጋግሞ መግዛት አለበት፤ ሲሰበርም ሌላው የሚገኘው በገበያ ቀን፣ ያውም ነጋዴው ይዞ ከመጣ ነው። ከዚያም ልኩ መግጠም አለበት፤ የአንዱ ፋብሪካ ብርጭቆ በሌላው ፋብሪካ ማቃጠያ ላይ ላልቶ ይንገጫገጫል ወይም ጨርሶ አይገባም። ጥርስ ያለው ማቃጠያ ጥቂት የልክ ልዩነት ይችላል፤ የሚንጠለጠለው ፋኖስ ደግሞ ከፍታው ያልተስማማውን ብርጭቆ ክዳኑ አይዘጋበትም።

በዚህ ሁሉ ላይ ከፍታው ተጨመረ። በ2,600 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ብርጭቆው አየር የሚስብበት ኃይልም አብሮ ይደክማል። በምፅዋ ወይም በአሰብ ንጹሕ የሚበራ ፋኖስ በቦረና ደጋ ላይ ክሩ በዚያው ልክ ቢወጣ ያጨሳል። በለጋምቦና በሳይንት ከፍተኛ አምባዎች ላይ ደግሞ የባሰ ነው። መድኃኒቱ ክሩን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ክሩ ሲወርድ ብርሃኑም ይቀንሳል። ስለዚህ የደጋው ሰው ከአንድ ፋኖስ የሚያገኘው ብርሃን ከቆላው ያነሰ ነበር፣ ብርጭቆውም ቶሎ ቶሎ ይጠቁርበታል። ግርጌው በደንብ ያልገጠመ ብርጭቆ እዚህ የሚያደርሰው ጉዳት ከሌላው አገር ይብሳል፤ የደከመው የአየር መሳብ በቀዳዳ ሲባክን ለነበልባሉ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ብርጭቆውን ለመጠበቅ የሚደረገው ጥንቃቄ የታወቀ ነበር። ማታ ሲለኮስ ክሩ መጀመሪያ ዝቅ ይላል፤ ብርጭቆው ቀስ ብሎ ከሞቀ በኋላ ይነሣል። የጋለ ብርጭቆ ላይ ውኃ እንዳይረጭ፣ እርጥብ ጨርቅ እንዳይነካው፣ በር ሲከፈት የውርጩ ነፋስ በቀጥታ እንዳይመታው ይጠበቃል። ጥላሸቱ የሚጠረገው በቀን፣ ብርጭቆው ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፣ በደረቅ ጨርቅ ወይም በወረቀት ነው፤ የደረቀው ጥላሸት በጥቂት አመድ ይለቅቃል። ጫፉ ያዘነበለ ክር ነበልባሉን ያዘነብለዋል፤ ስለዚህ የተቃጠለው ጠርዝ በመቀስ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። ብርጭቆውን የሚጠርገው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ጠባቡ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባው የልጅ እጅ ነውና። የተሰነጠቀው ብርጭቆም ወዲያው አይጣልም። ስንጥቁ ላይ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ወረቀቱ ከነበልባሉ ራቅ ካለ ሳምንታት ያገለግላል። ከላይ የተሸረፈ ብርጭቆ ያገለግላል፤ ከታች የተሸረፈ ግን አየር ስለሚያስገባ ፋኖሱን ወደ ኩራዝነት ያወርደዋል።

ኩራዙ ራሱ የቆርቆሮ ሠሪ ሥራ ነው። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወይም ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ክዳኑ ላይ አንድ የቆርቆሮ ቱቦ፣ በቱቦው ውስጥ የጥጥ ወይም የአሮጌ ጨርቅ ክር፤ ይኸው ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረትና ጣሳ ወደ አዲስ ዕቃ የሚለወጥበት የታወቀ ስፍራ ነው፤ በየአውራጃው ከተማም ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ነበሩ። ኩራዝ ብርጭቆ ስለሌለው የሚሰበር ነገር የለበትም። ዋጋው ግን በሳንባ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ያለ ብርጭቆ በክር ብቻ የሚነድ መብራት ከሚያቃጥለው ላምባ ከመቶ 7 እስከ 9 እጁን ወደ ጥቁር ካርቦን ይለውጣል፤ ብርጭቆ ያለው ፋኖስ የሚያወጣው ጥላሸት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ብርሃኑም እንደዚሁ ይለያያል፤ የኩራዙ በግምት 8 ሉመን፣ የትንሹ ፋኖስ ደግሞ ከ30 ሉመን በላይ ነው። ጧት የተማሪ አፍንጫ ጠቁሮ መገኘቱ በደጋው ትምህርት ቤቶች ማንንም የማያስደንቅ ነገር ነበር። ኩራዝ ሲገለበጥ የሚያስነሣው እሳትና በላምባ ውስጥ ቤንዚን ሲቀላቀል የሚደርሰው ፍንዳታም ቀላል አደጋዎች አልነበሩም።

ፋኖሱ በበኩሉ የክብር መብራት ሆነ። ሠርግ ሲኖር ከየጎረቤቱ ተሰብስቦ በዳሱ ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል። ለቅሶ ቤት ይወሰዳል፤ ማዋለጃ ቤት ይወሰዳል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተዋልዶ፣ ተጎራብቶ በሚኖርበት በወሎ፣ መውሊድና ሐድራ ሲሆን መንዙማው ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀው በፋኖስ ሥር ነው። በቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ጧፉ ቦታውን አልለቀቀም፤ ከቅዳሴው ውጭ፣ በቅጥሩና በቤተ ልሔሙ መንገድ፣ ፋኖስ ገባ። ለአንድ መንደር ጥቂት ፋኖስ ይበቃ ነበር፤ የሚዋዋሱት ዕቃ ነው። ውሰት ደግሞ ያልተጻፈ ሕግ አለው፤ ብርጭቆውን የሰበረ ይተካል። ላምባውን የጨረሰ ግን ይቅር ሊባል ይችላል።

የምሽት ንባብ በብዛት የገባው ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችን ወደ ገጠር በተነ፤ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ቀኑን በእርሻ የሚውለውን ጎልማሳ ማታ ማታ ወደ ሰሌዳ አቀረበው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ፊደል ከኋላ የተቀመጠው ሰው እንዲያይ ኩራዝ አይበቃም፤ ፋኖስ ያስፈልጋል። በዚያው ዘመን የተቋቋመው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ስሙን ከዚሁ ትንሽ መብራት መውሰዱ አንባቢው ብዙኃን በምን እያነበበ እንደ ነበር ይነግራል።

ከፋኖሱ በላይ የቆመው በግፊት የሚሠራው መብራት ነው። በበርሊን የኤሪሽ ኡንድ ግሬትስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1910 ግድም ያወጣው ፔትሮማክስ ላምባውን በፓምፕ ገፍቶ ያተንነዋል፣ በክር ፈንታም በማዕድን ጨው የተነከረ የጨርቅ መረብ ያግላል። ብርጭቆው አጭርና ሰፊ ሆኖ በመሠረቱና በክዳኑ መካከል ልል ብሎ ይቀመጣል፤ አየር የመሳብ ሥራ ስለሌለበት ግጥምጥሙ እንደ ፋኖሱ ጥብቅ መሆን የለበትም። ከተማ ውስጥ በሻይ ቤት፣ በትልቅ ሱቅና በሠርግ ዳስ ታየ። ላምባ ይበላል፣ መረቡም በትንሽ ንክኪ ይረግፋል፤ ተራ ቤት አልገባም።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ቢቋቋምም፣ መስመሩ ከትልልቅ ከተሞች ወደ ወረዳ ከተሞች፣ ከዚያም ወደ ገጠር ቀበሌ የሄደው በዝግታ ነው። የገጠር ኤሌክትሪክ በስፋት የተያዘው ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ሁለንተናዊ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ፕሮግራም ሲጀመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ መሠረት ከመቶ 33 ያህሉ ቤተሰብ ከዋናው መስመር፣ ከመቶ 24 ያህሉ ደግሞ ከፀሐይ ኃይል ብርሃን ያገኝ ነበር። የፀሐይ መብራቱ ፈጣን መስፋፋት የሚያስገርም አይደለም፤ ከደቡብ ወሎ ብዙም በማይርቀው በሰሜን ሸዋ፣ በረማ መንደር፣ የፀሐይ መብራት በየቤቱ የተተከለው ከ2000 ዓ.ም. በፊት ጀምሮ ነው። ትንሿ የፀሐይ መብራት የምትሰበር ብርጭቆ የላትም፣ ላምባ አትጠይቅም፣ ከፍታ አያዳክማትም። ለኩራዙ ፋኖሱ ሊያደርገው ያልቻለውን እሷ አደረገችው፤ ኩራዙን ከደሀው ቤት አስወጣችው።

ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚያሻግረው የዓባይ ድልድይ መንገድና ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሲሻሻሉ ብርጭቆ ሳይሰበር የሚደርስበት ዘመን መጣ፤ በዚያው ጊዜ ግን ብርጭቆ የሚፈልገው ቤት እያነሰ ሄደ። መብራት ሲጠፋ የሚወርድ ፋኖስ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ አሁንም አለ። አብዛኛው ሽቦ የሚያቅፈው የሚንጠለጠለው ዓይነት ነው፤ ባለጥርሱ የጠረጴዛ ፋኖስ ብርጭቆው ከተሰበረ በኋላ ልኩን የሚያመጣለት ነጋዴ ስላጣ ቀድሞ ከአገልግሎት ወጥቷል።